በረዶ የሌለው ተራራ ስለሚሻው የውሃ መዝገብ

ከአምቦ ገበያ አንሥቶ እስከ አዲስ አበባ የስብሰባ አዳራሾች ድረስ፣ የውሃ ነገር በተነሣ ጊዜ ሁሉ ያለ ምርመራ የሚደገም አንድ አሳብ አለ፤ ይኸውም ኢትዮጵያ የአፍሪካ የውሃ ማማ ስለሆነች፣ ተራሮቿም ከሰማይ የተቀበሉትን ለራሷና ለጎረቤቶቿ ከማደል ስለማያቋርጡ፣ የእኛ ጭንቀት ይህን ሀብት በግድብና በቦይ ስለ መያዝ እንጂ ተራራው ስንት እንዳስቀመጠ ስለ መቁጠር ሊሆን አይገባም የሚል ነው። የዚህ አሳብ መንትያ የሆነ ሌላም አለ፤ የተራራን ውሃ ለብዙ ዘመን እየመዘኑ፣ የተመዘነውንም በሒሳብ ሞዴል እያሰሉ፣ የመጪውን ወራት የወንዝ መጠን አስቀድሞ የመናገር ጥበብ ተራራቸው በረዶ ለሚለብስ ለስዊሶች፣ ለኖርዌዮችና ለአሜሪካኖች የሚገባ ነው እንጂ፣ በረዶ ለማያድርባቸው ለደንዲና ለወንጪ ተራሮች ምን ይረባቸዋል ይላል። ሁለቱም አሳቦች በተማሩ ሰዎች አንደበት ሲነገሩ ሰምቻለሁ፤ ሁለቱም ስሕተት ናቸው ብዬ እከራከራለሁ፤ ከሁለቱም ይልቅ የሚጎዳው ሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያው ሰውን ቸልተኛ ሲያደርገው፣ ሁለተኛው ግን ቸልተኝነቱን የዕውቀት ካባ ያለብሰዋልና።

አስቀድመን በረዶ ያለው አገር የሚያደርገውን እንመልከት። በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ክፍል በብርዱ ወራት የሚወርደው እርጥበት በተራራው ራስ ላይ በረዶ ሆኖ ይከመራል፤ ፀሐይ እስክትበረታም ሳይፈስ ይቆይና፣ ከዚያ በኋላ እየቀለጠ ወደ ወንዝ ወርዶ ዝናም በማይገኝበት በጋ እርሻውንና ከተማውን ያጠጣል። በኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ የላቲን መምህር የነበረው ጄምስ ቸርች በ20ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ ሮዝ ወደሚባለው ተራራ እየወጣ፣ በረዶውን በረጅም ቱቦ እየወጋ፣ ቱቦውን ከነበረዶው እየመዘነ፣ ከክብደቱም ተነሥቶ በረዶው ቢቀልጥ ስንት ውሃ እንደሚወጣው እያሰላ፣ በግርጌው ያለው የታሆ ሐይቅ ከመቅለጡ ወራት በኋላ ምን ያህል ከፍ እንደሚል አስቀድሞ ለመናገር ቻለ። ዛሬ በዚያ አገር ከ800 በላይ የሆኑ ጣቢያዎች ያለ ጠባቂ በየተራራው ቆመው የበረዶውን ክብደት ይመዘግባሉ፤ በየዓመቱም በእኛ መጋቢት 23፣ በእነርሱ ኤፕሪል 1 ቀን አካባቢ የሚገኘው ልኬት የውሃው ዓመት ዋና ምስክር ሆኖ ይቆጠራል። ዛሬ በሞዴል የሚተነብዩት ሊቃውንት የሚመኩት በኮምፒውተራቸው ፍጥነት ሳይሆን፣ አያቶቻቸው ከመቶ ዓመት በፊት ጀምረው ሳያቋርጡ በጻፉት ቍጥር ነው።

እንግዲህ ክርክሬ እዚህ ላይ ይጀምራል። ለእነዚያ ሰዎች በረዶው በአውድማ ላይ እንደ ተከመረ እህል ነው፤ ባለቤቱ በዐይኑ ያየዋል፣ ይሰፍረዋል፣ ስንት ወር እንደሚያበላውም ያውቃል። የእኛ ተራራ ውሃ ግን በጕድጓድ የተቀበረ እህል ነው፤ ከላይ ሣርና አፈር ብቻ ስለሚታይ ስንት እንደ ቀረ የሚያውቅ የለም። ታዲያ በዐይን የሚታየው ክምር ቈጣሪ ካስፈለገው፣ የማይታየው ይልቁን አያስፈልገውምን? በረዶ የለንምና መቁጠር አይገባንም የሚለው ሰው ነገሩን ገልብጦ ይዞታል፤ በረዶ ስለሌለን ነው መቁጠር አብዝቶ የሚገባን።

የምዕራብ ሸዋ ተራሮች ውሃን እንዴት እንደሚያስቀምጡ ማወቅ የሚሻ ሰው፣ ከአምቦ በስተ ደቡብ ያለውን ከፍታ ወጥቶ ይመልከት። ደንዲ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚበልጥ፣ በጥንት ዘመን እሳት ተፍቶ አፉ የተናደ ተራራ ነው፤ በአፉም ውስጥ በጠባብ ወገብ የተያያዙ ሁለት ሐይቆች ተኝተዋል። ከእርሱ አጠገብ፣ በደቡብ ምዕራብ ሸዋ ወሰን፣ ወንጪ ከ3,300 ሜትር በላይ ቆሞ የራሱን ሐይቅ፣ በሐይቁም መካከል የቂርቆስን ቤተ ክርስቲያን የያዘች ደሴት አቅፏል። ከዚህ ከፍታ ውሃ ወደ ሦስት ታላላቅ ተፋሰሶች ይለያያል፤ ወደ ሰሜን የሚወርደው በሁሉቃና በጉደር በኩል ወደ ዓባይ፣ ወደ ደቡብ የሚያዘነብለው ወደ ኦሞና ጊቤ፣ በጊንጪ በኩል ያለው ደግሞ ወደ አዋሽ ይሄዳል። አዋሽም ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ወደ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ የሚያልቅ፣ በመንገዱም የቆቃን ግድብ፣ የወንጂንና የመተሐራን የሸንኮራ እርሻ የሚያጠጣ፣ ከታላላቆቹ ወንዞቻችን ጠቅላላ ኑሮው በአገራችን ውስጥ የሆነ ነው። በጭልሞ ጫካ ጥድ፣ ዝግባና ወይራ ሥር የሰረገው ጠብታ በመተሐራ ሸንኮራ ሆኖ ይበቅላል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ውሃ የሚመጣው በአመዛኙ ከሰኔ እስከ መስከረም በሚወርድ ዝናም ነው። ከወረደውም ከፊሉ በፀሐይና በዕፅዋት ቅጠል ወደ ሰማይ ይመለሳል፤ ከፊሉ ወዲያው ደራሽ ሆኖ አፈር ተሸክሞ ይሄዳል፤ የቀረው ግን በደን ሥር ባለው ልል አፈር፣ በየሸለቆው ባለው ጨፌ፣ በተሰነጠቀው የእሳተ ገሞራ ዐለት፣ በሐይቆቹም ሆድ ገብቶ ይቀመጣል። በጥርና በየካቲት፣ ሰማይ ደመና ባጣበት ጊዜ፣ ሁሉቃ በአምቦ ከተማ መካከል ሲፈስ የሚታየው ውሃ ይህ የተቀመጠው ነው፤ ዝናሙ ካቆመ ወራት አልፎታልና። ስለዚህም የበጋ ወንዝ የተራራው መዝገብ ነው፤ ወንዙ ከኅዳር እስከ መጋቢት በምን ፍጥነት እንደሚቀንስ የለካ ሰው፣ ተራራው በሆዱ ስንት እንደ ያዘ አስልቶ ሊደርስበት ይችላል። የበረዶው አገር ሰው ክምሩን ቀድሞ መዝኖ ወንዙን ይተነብያል፤ እኛ ግን ወንዙን ለክተን ክምሩን መፈለግ፣ ከዚያም ተመልሰን የሚመጣውን መተንበይ አለብን። መንገዱ በአንድ ምዕራፍ ይረዝማል፤ ዓመታትንም ይበልጥ ይጠይቃል።

መቀመጫው ደግሞ እንደ ዐለት ጸንቶ የሚኖር አይደለም። በጊንጪና በአምቦ ሜዳ ያለው መረሬ አፈር በክረምት መጀመሪያ ስንጥቁ ሲደፈን ውሃን ወደ ታች ማሳለፍ ያቆማል፤ ጨፌው ታርሶ ገብስና ድንች ሲዘራበት ያስቀምጥ የነበረውን ውሃ በአጭር ጊዜ ይለቀዋል፤ ደኑ ተመንጥሮ ቍልቁለቱ ሲጋለጥ ሊሰርግ የነበረው ውሃ ደራሽ ይሆናል። በዚህ ጊዜ የሚወርደው ዝናም ሳይቀንስ የተራራው ስንቅ ሊቀንስ ይችላል። ዝናም በለካው ጣቢያ ዘንድ ሁሉ ነገር ደኅና ሆኖ ሳለ፣ በመጋቢት ምንጩ ይነጥፋል፤ ሰዎችም ምክንያቱን ከሰማይ ይፈልጋሉ።

የአምቦን ፍል ውሃና ጠበል የመሰለውን ጠርሙስ ውሃ እየጠቀሱ፣ ይህች ምድር ከሥር የማይነጥፍ ምንጭ አላት የሚሉኝም አሉ። በ1930 እ.ኤ.አ. መታሸግ የጀመረውና አምቦ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሀገረ ሕይወት በተባለች ጊዜ ስሟን በአገሩ ሁሉ ያዳረሰው ያ ውሃ እኔም የምኮራበት ነው። ነገር ግን ከምድር ሥር ያለው እሳትና ጋዝ ማዕድንና አረፋ ጨመሩለት እንጂ ውሃውን አልፈጠሩትም፤ እርሱም በከፍታው ላይ የወረደ፣ በዐለቱ ስንጥቅ ወደ ጥልቅ ገብቶ የተመለሰ የዝናም ውሃ ነው። ዕድሜው ረዘመ እንጂ ከሒሳቡ አልወጣም።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቼ ዋና ምሽግ ልምጣ። የአገራችን ወንዞች በዓመት 122 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ያፈስሳሉ የሚለው ቍጥር በየመድረኩ ይጠቀሳል፤ ከናይል ውሃም ከ100 እጅ 85 ያህሉ ከእኛ ከፍታ እንደሚሄድ የታወቀ ነው። ይህን አልክድም። ነገር ግን የዓመት ድምር በመጋቢት ጄሪካን ይዛ ወረፋ ለምትጠብቅ እናት ምን ይነግራታል? ያ ብዙ ውሃ በአብላጫው በሦስትና በአራት ወር ውስጥ ደፍርሶ የሚያልፍ ነው፤ አማካዩም ክፉውን ዓመት ይሸፍናል። በ1976 ዓ.ም. ክረምት ዝናሙ ሲከዳ፣ እንዲሁም በ2007 ዓ.ም. ኤልኒኖ የተባለው የውቅያኖስ ሙቀት ክረምታችንን ሲያዛባ፣ ሰውና ከብት የተራበው በውሃ ማማዪቱ ላይ ነበር። የሐረማያን ሐይቅ የሚያስታውስም ያስታውስ፤ የሐረርን ከተማ ያጠጣ የነበረ፣ አይነጥፍም የተባለ ሐይቅ፣ ለመስኖና ለከተማ ያለ መጠን ሲሳብ፣ ከተራቆተው ዳገትም ደለል ሲጋዝበት ቆይቶ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደርቆ ከብት ተሰማራበት። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ውሃ መመለስ ጀምሮለታል፤ በመካከሉ ግን አንድ ከተማ ውሃውን ከሩቅ እንዲፈልግ ተገዷል። ሐረማያ ላይ የጠፋው ውሃው ብቻ አልነበረም፤ ገቢና ወጪውን በጊዜው አስታርቆ የሚጮኽ ሒሳብ ያዥም ነበር።

በጳጕሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዘው ያ የአንድ ትውልድ ላብ፣ ክርክሩን የዘጋ የሚመስላቸውም አሉ። ግድብ የመጣለትን ይይዛል እንጂ የሚመጣውን አይናገርም። ጉደርም ከዓባይ ገባሮች አንዱ ስለሆነ፣ በአምቦ ዳገት ላይ የሚሆነው ነገር ለግድቡ ባዕድ አይደለም፤ ግድቡን ከልብ የወደደ ሰው የተራራውን መዝገብ ሊጠላ አይችልም።

ሌሎች ደግሞ ዘመናዊ መስለው፣ ሳተላይት ሁሉን ስለሚያይ በተራራ ላይ የዝናም መለኪያ መትከል የኋላ ቀር ሥራ ነው ይላሉ። ይህን አሳብ በእርጋታ ልመልስ፤ ከሁሉ ይልቅ ወጣቶቻችንን የሚማርክ እርሱ ነውና። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የምድርን ስበት ለውጥ እየለኩ የከርሰ ምድርን ውሃ ክብደት የሚገምቱ ሳተላይቶች መኖራቸው እውነት ነው፤ የሚያዩት ግን ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለውን አገር በአንድነት ነው፤ ከአዲስ አበባ እስከ ባኮ ያለው ሁሉ ለእነርሱ እንደ አንድ ነጥብ ስለሆነ፣ የደንዲን ጨፌ ከሆለታ ሜዳ አይለዩም። ዝናምን ከደመና ሙቀት የሚገምቱትም ግምታቸውን የሚያርሙት በምድር ላይ በቆመ መለኪያ ነው፤ የእኛ መለኪያዎች ደግሞ በአብዛኛው በመንገድና በከተማ ዳር የቆሙ ስለሆኑ፣ ተራራው ራሱ ያለ ምስክር ይቀራል። ያልተለካውን አገር ሳተላይት ለካልኝ ማለት፣ ምስክር ሳይሰሙ ፍርድ እንደ መስጠት ነው።

የዓለም የአየር ንብረት ሞዴሎችም ቢሆኑ በዓባይ ምንጮች ላይ አይስማሙም፤ አንዱ በዚህ ምዕተ ዓመት መጨረሻ ዝናሙ ይጨምራል ሲል ሌላው ይቀንሳል ይላል። ከዚህ የሚወጣው ትክክለኛ ትምህርት ሞዴል ሁሉ ከንቱ ነው የሚለው አይደለም፤ ሞዴሉን የሚፈትን ረጅም መዝገብ ያጣ አገር የትኛውን እንደሚያምን መምረጥ አይችልም የሚለው ነው። ሦስት ዓመት በሚቆይ የጥናት ገንዘብ ተጀምሮ ገንዘቡ ሲያልቅ የሚቆም ልኬትም ይህን አይሞላም። በጀልዱ በሜጃ ተፋሰስ እንደ ተደረገው ያለ ምርምር የሚመሰገን ነው፤ ግን የሦስት ዓመት ቍጥር አንድ ድርቅና አንድ መልካም ክረምት እንኳ ሳያይ ሊያልቅ ይችላል።

ችግኝ እየተከልን ነው፣ ተራራው ይመለሳል የሚሉኝን ደግሞ በአክብሮት እሰማቸዋለሁ፤ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በአረንጓዴ አሻራ የተደከመው ድካም ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ ዛፍ ሁሉ ለውሃ አንድ አይደለም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ባለውለታችን ሆኖ ሳለ፣ በምንጭ ራስና በጨፌ ዳር ሲተከል የሚጠጣው ውሃ ብዙ ነው፤ ወይራና ዝግባ በሌላ መንገድ ይኖራሉ። የትኛው ዛፍ በየትኛው ዳገት የመጋቢትን ምንጭ እንደሚያበዛ ወይም እንደሚያሳንስ የሚነግረን ከመትከሉ በፊትና በኋላ የተለካ ምንጭ ብቻ ነው።

ልብ የሚነካኝ ግን ረጅም ቈጠራ የፈረንጅ ልማድ ነው፣ ለእኛ ሕዝብ አይስማማም የሚለው ቃል ነው። ይህን የሚል ሰው ወደ ማናቸውም ደብር ሄዶ ባሕረ ሐሳብ የሚያስተምሩትን የኔታ ይጠይቅ። በትውፊት ወደ እስክንድርያው ድሜጥሮስ የሚጠጋው ይህ ሥርዓት በ19 ዓመት ንዑስ ቀመር፣ በ532 ዓመት ዐቢይ ቀመር፣ የፀሐይንና የጨረቃን ሒሳብ በአበቅቴና በመጥቅዕ እያስታረቀ፣ ገና ያልተወለዱ ሰዎች የሚጾሙትን ጾም ዕለት ዛሬ ላይ ሆኖ ይናገራል። 532 ዓመት የሚያስብ ሕዝብ 50 ዓመት ወንዝ መቁጠር አይችልም ይባላልን? ቤተ ክርስቲያን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለውን ዘመነ ክረምት እንኳ በደፈናው አልተወችውም፤ አንዱን ክፍል ለዘርዕና ለደመና፣ ሌላውን ለመብረቅ፣ ለነጎድጓድ፣ ለባሕር፣ ለአፍላግና ለጠል፣ ቀጥሎ ያለውን ለእጓለ ቋዓትና ለደሰያት እያለች፣ ውሃው በየሳምንቱ የሚሠራውን ሥራ ተከትላ ከፍላዋለች። ያ ዐይን የተመልካች ዐይን ነው፤ የጎደለው ቍጥሩን የሚጽፍ እጅ ብቻ ነው።

ያ እጅ በሌላ አገር አልጎደለም። በካይሮ በሮዳ ደሴት የናይል ከፍታ መዝገብ ከ622 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይቆጠራል፤ የሱዳን ጣቢያዎችም ከ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ጀምረው የዓባይን ውሃ ጽፈዋል፤ በእኛ በኩል ሰፊ የወንዝ ልኬት የተስፋፋው የአሜሪካ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጡት የዓባይ ጥናት ዘመን ነው። ከእኛ ተራራ የሚወርደው ውሃ ከእኛ ይልቅ በታች ባሉት ዘንድ ረጅም ታሪክ አለው ማለት ነው፤ በውሃ ላይ በሚደረግ ድርድርም ረጅም መዝገብ ያለው ወገን የሚናገረው ቃል ክብደቱ የተለየ ነው። የተራራ ቈጠራን የምሁራን ቅንጦት አድርገው የሚያዩ ሰዎች ይህን የአገር ጥቅም ቢያስቡት እወዳለሁ።

ደንዲ ራሱ ግን መጻፍን አልተወም። ከምሥራቃዊው ሐይቅ ወለል የውጭ ተመራማሪዎች 12 ሜትር ያህል የሚረዝም ደለል አውጥተው፣ ከ12,000 ዓመት ገደማ ጀምሮ በከፍታችን ላይ የተፈራረቀውን ርጥበትና ድርቅ፣ ወደ ዓባይም የወረደውን ደራሽ አንብበውበታል። ከዚህ በፊትም ተራሮቻችን በሌላ ገጽ ነበሩ፤ በባሌ ራስ ላይ በጥንት ዘመን ሰፊ የበረዶ ግግር ተኝቶ ነበር፤ በአዱሊስ ወደብ ቆሞ ተጓዡ ኮስማስ በ6ኛው ምዕተ ዓመት የገለበጠው የግሪክ ጽሕፈትም በሰሜን ተራሮች ሰው እስከ ጕልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ እንደ ነበረ ይናገራል። ዛሬ ደግሞ የኪሊማንጃሮ በረዶ እ.ኤ.አ. በ1912 ከነበረው ስፋት ጥቂቱ ብቻ ቀርቶታል። ስለዚህ በረዶ ያላቸው አገሮች በዓለም ሙቀት ምክንያት ወደ እኛ ዓይነት ኑሮ እየቀረቡ ናቸው፤ በረዶው ሲሳሳ እነርሱም በአፈርና በዐለት ውስጥ የተሸሸገውን ውሃ ለመቁጠር መድከም ግድ ይሆናቸዋል። በዚህ ጥበብ ፈር ቀዳጅ ለመሆን ዕድል ያለን እኛ ነን፤ በረዶ የለንም ብለን እጃችንን አጣጥፈን ብንቀመጥ ግን ዕድሉን ለሌላ እንሰጣለን።

ምን ይደረግ ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው። የበረዶው አገር ሰዎች ኤፕሪል 1ን እንደ መረጡ እኛም ዝናም ያበቃበትን ኅዳር 1 ቀን እንምረጥ፤ በዚያ ቀን፣ ደግሞም በጥር 1ና በመጋቢት 1፣ የሁሉቃ ፍሰት በአምቦ፣ የጉደር ከፏፏቴው በላይ፣ የእንድሪስ ወንዝ ከመስኖው ቦይ ራስ፣ የአዋሽ በጊንጪ፣ ከጭልሞ ሥር የሚፈልቁ ምንጮችም በየስማቸው ይለኩ፤ የደንዲና የወንጪ ሐይቆች ከፍታ በቆመ በትር ይነበብ፤ ከ3,000 ሜትር በላይ የዝናም መለኪያ ይተከል። በ1939 ዓ.ም. በእርሻ ትምህርት ቤትነት የተጀመረው የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ መዝገብ ቤት ቢሆን፣ ከሜትዎሮሎጂ መሥሪያ ቤቱና ከውሃ ሚኒስቴር ጋር ቢተባበር፣ ጠባቂዎቹም የአጥቢያው መምህራንና ገበሬዎች ቢሆኑ፣ ወጪው ከአንድ የከተማ አዳራሽ ግንባታ ያንሳል።

ሃምሳ ዓመት ማን ይጠብቃል የሚል ይኖራል። ሞዴሉ እስኪጠና ሃምሳ ዓመት ይወስድ ይሆናል፤ ጥቅሙ ግን እስከዚያ አይቆይም። የጥቂት ዓመታት ልኬት ካለ፣ ኅዳር 1 ቀን የተነበበው የእንድሪስ ውሃ ካለፉት ዓመታት ያነሰ ሆኖ ሲገኝ፣ በጉደር ዙሪያ ያለው የመስኖ ኮሚቴ ሽንኩርቱ ሳይተከል ተሰብስቦ መሬቱን ሁሉ ከመዝራት እኩሌታውን መዝራት፣ የላይኛውና የታችኛው ገበሬም ውሃውን በስንት ቀን ተራ እንደሚቀባበሉ በሰላሙ ጊዜ መዋዋል ይችላሉ፤ ዛሬ ግን ይህ ንግግር የሚጀመረው በየካቲት፣ ቦይው ከደረቀና ችግኙ ከጠወለገ በኋላ፣ በጠብ ነው።